ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ የማይዞረው መዘውር

ከጉድጓድ ውስጥ አፈር የሞላ ባልዲ በመዘውር የሚጎትት ሰው እጁ በላብ ቢንሸራተት ወይም የያዘው እጀታ ቢሰበር ባልዲው ወደ መጣበት ይመለሳል። ጉድጓዱ 15 ሜትር ጥልቀት ካለውና ባልዲውን የሚያግደው ነገር ከሌለ፣ ከአፍ እስከ ታች ለመውረድ 2 ሴኮንድ አይፈጅበትም። ከታች ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከታች ቆሞ የሚቆፍረው ሰው ቀና ብሎ ለማየት እንኳ ጊዜ አያገኝም።

ይህን አደጋ ለመከላከል ብዙ ገንዘብ ወይም ከውጭ አገር የሚመጣ መሣሪያ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጥርስ ያለው አንድ የብረት ጎማና በጥርሶቹ መካከል እየገባ የሚይዝ አንድ የብረት ምላስ ነው። ይኸው ብልሃት በብስክሌት፣ በክብደት ማንሻ፣ በእጅ ሰዓትና በሌሎችም መሣሪያዎች ውስጥ ይገኛል። አሠራሩን ከሥር መሠረቱ ለመረዳት ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያመቸው የዓሣ ማጥመጃው መዘውር ነው። ምክንያቱም ይህ መሣሪያ በአንድ እጅ ጭብጥ ውስጥ የሚገባ ሆኖ ሳለ፣ ሸክምን የመያዝና ሸክምን በዝግታ የመልቀቅ ሥራ በውስጡ ተለይቶ ይታያል። የጉድጓድ መዘውር የሚያሠራ የገበሬ ማኅበር መሪ ሊያውቀው የሚገባውም ይህንኑ ልዩነት ነው።

ጣት ሰባሪው እጀታ

የዓሣ ማጥመጃ መዘውር ማለት ከቀጭን ዘንግ ጋር የሚታሰር፣ ረጅም ክር የሚጠቀለልበት ትንሽ መሣሪያ ነው። በአገራችን በጣና፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች ኑሮአቸውን በዓሣ የሚመሩት ሰዎች በአብዛኛው የሚሠሩት በመረብና በመንጠቆ ስለሆነ ይህን መዘውር እምብዛም አይጠቀሙበትም። በሌላው ዓለም ግን ትልቅ ዓሣ በአንድ ክር ለመያዝ የሚፈልጉ ብዙ አጥማጆች ያለ እርሱ አይሠሩም።

እ.ኤ.አ. በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ በኬንታኪ ይኖር የነበረ ጆርጅ ስናይደር የተባለ ሰዓት ሠሪ፣ እጀታው አንድ ጊዜ ሲዞር የክሩ ማጠንጠኛ ብዙ ጊዜ እንዲዞር በጥርሳም ጎማዎች ያያዘ መዘውር ሠራ። ይህም ክሩን ቶሎ ለመሰብሰብ ጠቀመ። ነገር ግን እጀታውና ማጠንጠኛው በቀጥታ የተያያዙ በመሆናቸው ሌላ ችግር ተፈጠረ። አጥማጁ እጀታውን ሲያዞር ማጠንጠኛው እንደሚዞረው ሁሉ፣ ዓሣው ክሩን ይዞ ሲሮጥና ማጠንጠኛው ወደ ኋላ ሲሽከረከር እጀታውም አብሮ ወደ ኋላ ይሽከረከር ነበር። ዓሣው ትንሽ ከሆነ ጉዳት የለውም። ከአንድ ሰው ክብደት የሚበልጥ የባሕር ዓሣ ሲሆን ግን እጀታው የአጥማጁን ጣቶች እየመታ ይሰብር ነበር። በዚህ ምክንያት በዚያን ዘመን መዘውሩን ጣት ሰባሪ ብለው የሚጠሩት ሰዎች ነበሩ።

ለዚህ ችግር መፍትሔ የፈለገው ዊሊያም ቦሽን የተባለ አሜሪካዊ አጥማጅ ነው። እርሱ ያቀረበውን ሐሳብ ተቀብሎ ጁሊየስ ቮም ሆፍ የተባለው መዘውር ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1913 አዲስ መዘውር ሠራ። በዚህ መዘውር ዓሣው ክሩን ይዞ ሲሮጥ ማጠንጠኛው ይዞራል እንጂ እጀታው ከቦታው አይንቀሳቀስም። ቦሽን በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያ ካታሊና ደሴት አጠገብ 161 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን፣ አፉ እንደ ሰይፍ የሾለ ትልቅ ዓሣ በዘንግና በመዘውር ያዘ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት የትላልቅ ዓሣ መዘውሮች በአብዛኛው የተከተሉት ይህንኑ መንገድ ነው።

ጥርስና ምላስ

እጀታው ወደ ኋላ እንዳይዞር የሚያደርገው ክፍል ሲታይ እጅግ ቀላል ነው። በእጀታው ዘንግ ላይ ጥርስ ያለው የብረት ጎማ ተጣብቆ ይቀመጣል። የእያንዳንዱ ጥርስ አንዱ ጎን እንደ ኮረብታ ዳገት ዘንበል ያለ ሲሆን ሌላው ጎን እንደ ገደል የቆመ ነው። ከጎማው አጠገብ ደግሞ በአንድ ፒን ላይ የሚወዛወዝ ትንሽ የብረት ምላስ አለ። ምላሱን ወደ ጥርሶቹ የሚገፋው ቀጭን ሞላ ነው።

እጀታው ወደ ፊት ሲዞር ምላሱ በዘንባላው ጎን እየተንሸራተተ ወጥቶ ወደሚቀጥለው ጥርስ ይወድቃል። ምላሱ በወደቀ ቁጥር «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል። እጀታው ወደ ኋላ ሊዞር ሲሞክር ግን ምላሱ ከቆመው ጎን ጋር ይጋጠምና ጎማው ይቆማል። ብስክሌት የነዳ ሰው ሁሉ ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ፔዳል መርገጡን ሲያቆም ከኋላ ጎማ የሚሰማው «ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ» የሚለው ድምፅ የምላሱና የጥርሱ ድምፅ ነው።

በጥርሱ አቆራረጥ ላይ አንድ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የቆመው ጎን ወደ ውጭ ካዘነበለ ሸክሙ በከበደ ቁጥር ምላሱን ገፍቶ ያስወጣዋል። ጥቂት ወደ ውስጥ ካዘነበለ ግን ሸክሙ በከበደ ቁጥር ምላሱን ወደ ጥርሱ ሥር ይስበዋል። ይኸውም ማለት በደንብ የተሠራ ጥርስ ሸክሙን ራሱን ለጠባቂነት ይጠቀምበታል፤ በደንብ ያልተሠራው ግን የሚያሳፍረው ሸክሙ በከበደበት ሰዓት ነው።

ሌላው ጉዳይ የጥርሱ ብዛት ነው። ጎማው 12 ጥርስ ካለው በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት የክቡ አንድ አሥራ ሁለተኛ ነው። ስለዚህ እጀታው ከመያዙ በፊት እስከዚያ ድረስ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ጥርሱ 24 ቢሆን መመለሱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ጥርስ ስለሚቀጥን ጥንካሬውም ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ መዘውር ሠሪዎች ጥርሱን ከማብዛት ይልቅ ሁለት ምላስ ያደርጋሉ። አንደኛው ምላስ ጥርስ ሥር ሲገባ ሁለተኛው በጥርስ መካከል እንዲሆን አድርገው ስለሚያስቀምጡት፣ ጥርሱ ሳይቀጥን መመለሱ በግማሽ ያጥራል።

መያዝና ማዘግየት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። እጀታው ወደ ኋላ የማይዞር ከሆነ ትልቁ ዓሣ ክሩን ይዞ ሲሮጥ ክሩ አይበጠስም ወይ የሚል ነው። መልሱ መዘውሩ ሁለት ክፍል ስላለው አይበጠስም ነው። ጥርስና ምላሱ የሚይዘው የእጀታውን ዘንግ ብቻ ነው። በዘንጉና በማጠንጠኛው መካከል ደግሞ እርስ በርሳቸው የሚፋተጉ ሮንዴላዎች ተደርድረዋል። እነዚህ ሮንዴላዎች ፍሬን ናቸው። አጥማጁ ጠበቅ ወይም ላላ ያደርጋቸዋል። ዓሣው ከተወሰነው ኃይል በላይ ሲጎትት ማጠንጠኛው በሮንዴላዎቹ ላይ እየተንሸራተተ ክር ይለቃል። ዓሣው ሲደክም ክሩ መውጣቱን ያቆማል።

ልምድ ያላቸው አጥማጆች ፍሬኑን የሚያጠብቁት ክሩ ሊሸከም ከሚችለው ከአንድ አራተኛ እስከ አንድ ሦስተኛ ባለው ኃይል ነው። ክሩ 10 ኪሎ የሚሸከም ከሆነ ፍሬኑ ከ2.5 እስከ 3.3 ኪሎ ያህል በሚሆን ኃይል መልቀቅ ይጀምራል ማለት ነው። ቀሪው ለድንገተኛ ንጠቃ የተተወ ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ምላስና ጥርስ ሸክምን ባለበት ይይዛል እንጂ አያዘገይም። ፍሬን ደግሞ ሸክምን ያዘገያል እንጂ ባለበት ይይዘዋል ተብሎ አይታመንም። አንዱን በሌላው ቦታ ለማሠራት የሚሞክር ሰው ሁለቱንም ያጣል።

ድምፅ የሌለው ዓይነት

በዛሬው ጊዜ በገበያ ላይ ከሚገኙት መዘውሮች ብዙዎቹ ጥርስና ምላስን ትተው ወይም በእርሱ ላይ ጨምረው ሌላ ዓይነት መያዣ ይጠቀማሉ። ይህም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር ኩሽኔታ ነው። በውስጡ እንደ ጠመኔ ቁራጭ ድብልብል የሆኑ ትንንሽ የብረት ሮለሮች አሉ። እያንዳንዱ ሮለር የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ቦታ በአንድ በኩል ሰፊ፣ በሌላ በኩል ጠባብ ነው። ትንንሽ ሞላዎችም ሮለሮቹን ወደ ጠባቡ በኩል ይገፏቸዋል።

ዘንጉ ወደ ፊት ሲዞር ሮለሮቹን ወደ ሰፊው በኩል ስለሚወስዳቸው በነፃ ይዞራል። ወደ ኋላ ሊዞር ሲል ግን ሮለሮቹ ወደ ጠባቡ ቦታ ይገቡና ልክ በግንድ ውስጥ እንደተመታ ሽብልቅ ይጠብቃሉ። ዘንጉም ወዲያውኑ ይቆማል። ጥርስ ስለሌለው ከአንዱ ጥርስ ወደ አንዱ የሚመለስበት ርቀት የለም፤ ድምፅም አይሰማም።

ይህ ዓይነቱ መያዣ ጥሩ ቢሆንም ድክመት አለው። ወፍራም ግራሶ ከበዛበት ሞላዎቹ ሮለሮቹን ወደ ጠባቡ ቦታ ለመግፋት ያቅታቸዋል፤ ዘንጉም እየሾለከ ወደ ኋላ ይዞራል። አሸዋና ዝገትም እንዲሁ ያደርጉታል። ግራሶ በበዛ ቁጥር መሣሪያው ይሻለዋል ብሎ የሚያስብ ሰው ኩሽኔታውን የሚያበላሸው በዚህ ነው። ስለዚህም አንዳንድ መዘውር ሠሪዎች ሮለሩ ቢከዳ እንዲተካው ጥርስና ምላሱን ከጎኑ በመጠባበቂያነት ያስቀምጣሉ።

ከሐይቅ ዳር ወደ ጉድጓድ አፍ

ከጉድጓድ አፈር ወይም ውሃ የሚያወጣው መዘውር ከዓሣ ማጥመጃው ጋር በመልክ እንጂ በአሠራር አይለያይም። በክሩ ፋንታ ገመድ፣ በማጠንጠኛው ፋንታ የእንጨት ግንድ ወይም የብረት ቱቦ፣ በዓሣው ፋንታ ባልዲ አለ። ልዩነቱ ያለው በአደጋው ላይ ነው። የአጥማጁ መዘውር ቢከዳው ጣቱ ይሰበራል ወይም ዓሣው ያመልጠዋል። የጉድጓዱ መዘውር ቢከዳ ግን የሚጎዳው እጀታውን የያዘው ሰው ብቻ ሳይሆን ከታች ያለው ቆፋሪ ነው።

ለጉድጓድ ሥራ የሚመረጠው ጥርስና ምላሱ ነው። ሮለር ያለው ኩሽኔታ በጭቃና በአሸዋ መካከል አይሰነብትም፤ ደግሞም ውስጡ ስለማይታይ መበላሸቱ የሚታወቀው ከከዳ በኋላ ነው። ጥርስና ምላስ ግን ማንም ሰው በዓይኑ አይቶ፣ በጆሮው ሰምቶ ደኅንነቱን ሊያውቅ ይችላል። «ጠቅ» ማለቱን ካቆመ ምላሱ አልወደቀም ማለት ነው።

በከተማ የሚገኝ የብየዳ ቤት ወይም ብረት መቁረጥ የሚችል የገጠር ባለ እጅ ጥርሳሙን ጎማ ከወፍራም ላሜራ ቆርጦ ሊያወጣው ይችላል። ሲሠራ ግን የሚከተሉትን ማስታወስ ይገባል።

በመጀመሪያ ጥርሳሙ ጎማ መጣበቅ ያለበት ገመዱ በሚጠቀለልበት ግንድ ላይ ነው። እጀታው ላይ ብቻ ከተጣበቀና እጀታውን ከግንዱ ጋር የሚያያይዘው ቡሎን ከተቆረጠ፣ ምላሱ እጀታውን ይዞ ይቀራል፤ ባልዲው ግን ይወርዳል።

ሁለተኛ የጎማው ስፋት ከግንዱ ስፋት ይበልጥ። የግንዱ ውፍረት ከመካከሉ እስከ ዳር 10 ሴንቲ ሜትር ሆኖ 40 ኪሎ ሸክም ቢንጠለጠልበትና ጎማውም ከመካከሉ እስከ ዳር 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በአንዱ ጥርስ ላይ የሚያርፈው ኃይል 40 ኪሎ ነው። የጎማው ልክ 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ግን ኃይሉ ወደ 20 ኪሎ ይወርዳል። ያው ሸክም፣ ያው ገመድ ሆኖ የጥርሱ ድካም በግማሽ ይቀንሳል ማለት ነው።

ሦስተኛ የጥርሱ ብዛት ይታሰብበት። ከላይ የተጠቀሰው ግንድ ዙሪያው 63 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ጎማው 6 ጥርስ ብቻ ካለው ባልዲው ከመያዙ በፊት እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ድረስ ሊወርድ ይችላል። ጥርሱ 12 ከሆነ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይወርዳል። የሚወድቅ ሸክም ባለበት ከቆመው ሸክም ይልቅ ጥርሱን አጥብቆ ስለሚመታ ርቀቱ ማጠሩ ጥርሱንም፣ ምላሱንም፣ ገመዱንም ያድናቸዋል። ከተቻለ ሁለት ምላስ ማድረግ ይመረጣል፤ አንዱ ቢሰበር ሌላው ይተካዋልና።

አራተኛ ምላሱ ያለ ሞላም ቢሆን በገዛ ክብደቱ ጥርሱ ውስጥ እንዲወድቅ ሆኖ ከጎማው በላይ ይንጠልጠል። ሞላ ይዝጋል፤ ይሰበራል። የብረት ክብደት ግን አይከዳም።

ባልዲ ሲወርድ

ባዶ ባልዲ ለማውረድ ምላሱን ከጥርሱ ማንሣት ግድ ነው። ብዙ ጊዜ አደጋ ሊደርስ የሚችለው እዚህ ላይ ነው። ምላሱን ያነሣው ሰው ባልዲው ከወረደ በኋላ መልሶ ካልጣለው፣ የሞላው ባልዲ ሲወጣ የሚጠብቀው ነገር አይኖርም። ስለሆነም ምላሱን በሽቦ አስሮ ወይም ድንጋይ አስደግፎ መተው የተከለከለ መሆን አለበት።

ከዚህም ሌላ አንዳንድ ሰው ምላሱን አንሥቶ እጀታውን ይለቅና ባልዲው በራሱ ተሽከርክሮ እንዲወርድ ያደርጋል። ፍጥነቱ ሲያስፈራው ምላሱን መልሶ ይጥላል። ይህ ምላስን በፍሬን ቦታ ማሠራት ስለሆነ ጥርሱ ይሰበራል ወይም ምላሱ ተፈናጥሮ ይወጣል። የሚሽከረከረው እጀታም ልክ እንደ ጥንቱ የዓሣ መዘውር ክንድና መንጋጋ ይሰብራል። ባልዲ መውረድ ያለበት እጀታው በሁለት እጅ ተይዞ በዝግታ ነው። ከባድ ነገር የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ሌላ ገመድ በተተከለ ጠንካራ እንጨት ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞ፣ በፍትጊያው ኃይል ቀስ እየተባለ ይለቀቃል። ፍሬኑ ይህ ነው።

በአንዳንድ አካባቢ በቤተሰብ ጉድጓድ ላይ የሚተከለው የገመድ ፓምፕም ይኸው መያዣ ይጠቅመዋል። ውስጡ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ 20 ሜትር ቢረዝም 10 ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል፤ ይህም 10 ኪሎ ያህል ነው። ውሃ የሚቀዳ ልጅ ደክሞት እጀታውን በድንገት ቢለቅ የውሃው ክብደት ገመዱን ወደ ታች ስቦ እጀታውን ወደ ኋላ ያዞረዋል። ምላስ ካለው ግን እጀታው ባለበት ይቆማል።

ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት

የገጠሩ ሰው እስከ ዛሬም ገበሬ ማኅበር ብሎ በሚጠራው ቀበሌ ውስጥ ጉድጓድ ሊቆፈር ሲታሰብ፣ መዘውሩን አስቀድሞ መመርመር የመሪዎቹ ኃላፊነት ነው። ምርመራውም በየቀኑ ጧት ሰው ወደ ጉድጓዱ ከመግባቱ በፊት ቢደረግ ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ አይወስድም።

1ኛ/ እጀታውን ወደ ፊት አዙሮ ምላሱ በእያንዳንዱ ጥርስ ላይ መውደቁን በጆሮ መስማት፤

2ኛ/ የጥርሶቹ ጫፍ አለመክበቡን፣ የምላሱ ፒን አለመላላቱን፣ ብየዳው አለመሰንጠቁን በዓይን ማየት፤

3ኛ/ በጥርሶቹ መካከል የገባውን ጭቃ በእንጨት መጥረግ፣ የምላሱን ፒን በጥቂት ዘይት ማለስለስ፤

4ኛ/ በጉድጓዱ ውስጥ ማንም ሰው ሳይኖር የዕለቱን ሸክም እጥፍ የሚሆን አሸዋ በጆንያ አንጠልጥሎ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ማንሣትና እጀታውን ቀስ ብሎ መልቀቅ። በዕለቱ የሚነሣው 30 ኪሎ ከሆነ መፈተኛው 60 ኪሎ ይሁን። ጆንያው ባለበት ከቆመ መዘውሩ ለሥራ ብቁ ነው፤

5ኛ/ ምላሱን የሚያነሣና የሚጥል አንድ ኃላፊነት የሚሰማው ሰው መመደብ፤ ይህ ሰው ሥራው እስኪያበቃ ድረስ ሌላ ተግባር አይሰጠውም።

በመጨረሻም ምላስና ጥርስ ሁሉን አደጋ እንደማያስቀር ማወቅ ያስፈልጋል። ገመዱ ከተበጠሰ ወይም የባልዲው ማንጠልጠያ ከወለቀ ምላሱ የሚይዘው ነገር የለም። ስለዚህ ገመዱና ማንጠልጠያው አብረው ይመርመሩ፤ ቆፋሪው ጠንካራ የራስ ቁር ያድርግ፤ ባልዲው ሲወጣም ሆነ ሲወርድ ከሥሩ ፈቀቅ ብሎ በጉድጓዱ ግድግዳ ይጠጋ።

ጥርሳሙን ጎማ ለማሠራት የሚያስፈልገው ቁራጭ ላሜራ፣ አንድ ምላስ፣ አንድ ፒንና የአንድ ባለ እጅ ሥራ ነው። የመዘውሩ ባለቤት ማንም ይሁን ማን፣ ይህ ያልተሠራለት መዘውር በጉድጓድ አፍ ላይ እንዳይቆም የማኅበሩ ጉባኤ ሊወስንና መሪዎቹም ውሳኔው መፈጸሙን በየጊዜው ሊከታተሉ ይገባል።